«ድኗል» ያለው ወንድም

እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ፣ «እብዱን ከአስመሳዩ ትለይና ለዳኛ ትነግራለች» ትላለች። ለከተማችን ለዳባት ይህ በቂ ነው። ዩኒቨርሲቲው በቢሯችን በር ላይ «የፎረንሲክ ሳይኮሎጂ አገልግሎት» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል፤ ያንን አንብቦ የገባ ባለጉዳይ ግን አይቼ አላውቅም። ወደኛ የሚመጣው ወይ ፖሊስ ይዞት ነው፣ ወይ ዘመዱ ታስሮበት ግራ ሲገባው ነው። እኔም ብሆን የእናቴን አገላለጽ እመርጣለሁ። የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለዳኛ ከነገርኩ በኋላ የሚሆነውን አትጨምርበትም።

ቢሯችን ደባርቅ፣ ከግቢው ጫፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ተነሥቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚውጠው የኛን መስኮት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዳገቱን የሚወጡት የጭነት መኪኖች ሲያቃስቱ ይሰማል እንጂ አይታዩም። ተማሪዎቼ ክፍሉን «መቃብር ቤት» ይሉታል። እኔ ሞልቃቃ ትውልድ እያልኩ እስቅባቸው ነበር። ከዚያ ጉዳይ በኋላ ግን መሳቁን ተውኩት።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ከአምባራስ ወዲያ፣ ወደ መካነ ብርሃን በሚወስደው በኩል ካለች አንዲት ቀበሌ የመጣ ወጣት ገበሬ ሰው ገድሎ ተከሰሰ። በጥምቀት ዕለት፣ ታቦት ሲመለስ፣ ወንዶቹ ዱላቸውን ወደ ላይ እያነሡ ሆ ሲሉ፣ እሱ በያዘው ዱላ ጎረቤቱን አናቱን መታው። ጎረቤትየው እዚያው ቀረ። ቄሱም፣ ሴቱም፣ ሕፃኑም አይቷል። ስለዚህ ማን ገደለ የሚል ክርክር አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ዩኒቨርሲቲውን የጠየቀው ሌላ ነው፤ ዱላውን ባነሣበት ሰዓት የሚያደርገውን ያውቅ ነበር ወይ? ያውቅ ከነበረ ወህኒ ይወርዳል። አያውቅም ከተባለ በሕግ ፊት ኃላፊነት የለበትም፤ ወደ ሆስፒታል ይላካል። መልሱን እንድሰጥ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ።

ዐቃቤ ሕጉ የያዘው ነገር ጠንካራ ነው። ተከሳሹ ሁለት ዓመት ታሞ፣ ጠበል ቦታም ቤቱም በሰንሰለት ታስሮ መክረሙን ማንም አልካደም። ነገር ግን ከጥምቀት በፊት ታላቅ ወንድሙ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ለሰበካው ሁሉ «ወንድሜ ድኗል» ብሏል። ሰንሰለቱን የፈታው በገዛ እጁ ነው፤ ገላውን አጥቦ፣ አዲስ ነጭ ልብስ አልብሶ፣ እንደ ሰው ዱላ አስይዞ ይዞት የወጣውም እሱ ነው። ስለዚህ የገደለው የዳነ ሰው ነው ይላል ዐቃቤ ሕጉ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ፣ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በወንድምየው ቃል ላይ ነበር።

ልጁን ማረሚያ ቤት እየተመላለስኩ መረመርኩት። አስመሳይ ብዙ አይቻለሁ። አስመሳይ እብደቱን በትሪ ያቀርብልሃል፤ ይጮሃል፣ ልብሱን ያወልቃል፣ ስሙን ስትጠይቀው ንጉሥ ነኝ ይልሃል። የእውነት የታመመ ግን ይደብቃል፤ ያፍራልም፣ ይፈራልም። ይህ ልጅ ይደብቅ ነበር። «ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰማለህ?» ስለው «አልሰማም» ይለኛል፤ ከመመለሱ በፊት ግን አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ የሆነ ሰው እስኪፈቅድለት ይጠብቃል። ሲለምደኝ ነገረኝ። ጎረቤቱ ለጭፈራው ዱላውን ሲያነሣ «መጣብህ፣ ቅደመው» የሚል ሰምቷል። አሁን ደግሞ እንጀራ በቆረሰ ቁጥር ሟቹ ከውስጡ በስሙ ይጠራዋል፤ ስለዚህ አይበላም። ይህን ሲያንሾካሹክልኝ የእጁ አጥንት ይቆጠር ነበር። እንዲህ ከቀጠለ ክረምቱን እንደማይዘልቅ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም።

አንድ ጠዋት ቢሮ ስደርስ ታላቅ ወንድሙ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ይግቡ ስለው ገባና፣ ጀርባው ለግድግዳ እንዲሆን ወንበሩን ገፋ አድርጎ ተቀመጠ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነው አመጣጤ» አለኝ። ዶክተር አይደለሁም ብል ማንም ስለማይሰማኝ ትቼዋለሁ።

«ይበሉ።»

«ወንድሜን እብድ ነው አይበሉብኝ።»

እኔ እንደሆንኩ ቁጣዬ ቅርብ ነው። «ሰው ምን ይለናል ነው እንግዲህ?» አልኩት። «ዘራችን ተሰደበ፣ ልጃችንን የሚያገባ ጠፋ፣ ነው? እዚያ እህል አልቀምስ ብሎ እየሞተ ያለው የእናትዎ ልጅ ነው እኮ!»

«ድኖ ነበር» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ድኖ ነበር ብለው ይጻፉልኝ።»

«ያየሁትን ነው የምጽፈው።»

ሲወጣ በሩን ገርበብ አድርጎ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየና ወጣ። ነውር የፈራ ሰው መስሎኝ ነበር።

በሥራችን ደንብ ቤተሰብና ጎረቤት ሳይጠየቅ አስተያየት አይጻፍም። በሚያዝያ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን፣ አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ በአምባራስ በኩል አለፍኩ፤ መኪናው ከቆመበት ወዲያ በእግር ነው። በዚያ ወር ማሳው ሁሉ አንድ ዙር ታርሶ አፈሩ ተገልብጧል። አንድ ማሳ ብቻ ያለፈውን ዓመት ቆረን፣ የአጨዳውን ቅሪት፣ እንደያዘ ተኝቷል። አጠገቡ ያለው ቤት መግቢያ በድንጋይ ካብ ጠብቦ፣ ሰው በጎኑ ካልሆነ የማያስገባ ሆኗል። የታላቅ ወንድምየው ቤት ነው አሉኝ። ከግቢው አይወጣም፤ ከብቶቹን ውሃ የምታወርደው ሚስቱ ናት።

«ምን ሆኖ ነው?» ብዬ የሰበካውን ቄስ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ሲናገሩ አይቸኩሉም።

«እንግዲህ ልጄ፣ ጤነኛ ሰው ነፍስ ቢያጠፋ ደሙ በራሱ ላይ ነው» አሉኝ። «ዛሬ ቢታሰር ነገ ይወጣል። ያን ጊዜ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ እኛም መስቀሉንና ሥዕሉን ይዘን፣ ከሟች ወገን ደጅ እንወድቃለን። በገዛ አፉ ገዳዩ እኔ ነኝ፣ ማሩኝ ይላል፤ ደም ይደርቃል። እብድ ግን ምን አፍ አለው? በምን ልቡ ይምላል? በኛ አገር እብድ አይገድልም። ገዳዩ የፈታው ነው።»

«እብድ ነው ተብሎ ገና አልተፈረደም እኮ፣ አባ። ማን ነው እንዲህ ብሎ ያስወራው?»

ቄሱ አዩኝ። «አንቺ መጣሽ አይደል እንዴ? ለጤነኛ ሰው ዩኒቨርሲቲ ድረስ ይጠየቃል?»

ገና አንዲት መስመር ሳልጽፍ፣ ለምርመራ መመደቤ ብቻ ሰውየውን ግቢው ውስጥ ዘግቶበታል።

በዚያ በጠባቡ መግቢያ ገብቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። «ለምን አልነገሩኝም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? ልገደል ነውና ይዋሹልኝ ልበልዎት?»

«ያን ጠዋት በእርግጥ ድኖ ነበር?»

ሚስቱን በዓይኑ አስወጣት። «ገላውን ሳጥበው ከግድግዳው ጋር ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ከማን ጋር ነው ስለው፣ ከማንም አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው እንጂ አውቄ ነበር። ዳሩ ግን ዶክተር፣ ሰው ታቦት ሲያጅብ እሱ እልልታውን እየሰማ ሰንሰለቱን ሲያናጋ ውሏል፣ ሁለት ጥምቀት። እኔም ከሰው ጋር እየጨፈርኩ እሰማዋለሁ። ለዛሬ ብቻ ብዬ ነው። በማታው ልመልሰው።»

በዚህ ሰው ላይ መቆጣት አልቻልኩም። እኔም ታናሽ ወንድም አለኝ፤ እኔ ብሆን ከዚያም ቀደም ብዬ እፈታው ነበር።

ቀጥሎ ወደ ሟቹ ቤት መሄድ ነበረብኝ። እናትየው ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለት የቀሩ ወንዶች ልጆቻቸው ከኋላቸው ቆመዋል። ልቅሶ ወይ እርግማን ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን አጠገባቸው አስቀምጠው እርጎ አስመጡልኝ፤ ከየት እንደሆንኩ፣ እናቴ በሕይወት ትኖር እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ጤነኛ ከሆነ መንግሥት ይዞልኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ሽማግሌ ሲመጣም ጆሮዬን አልነሣም። እብድ ከሆነ ግን፣ ድኗል ብሎ የፈታብኝን ሰው አውቀዋለሁ። አንቺ ብቻ እውነቱን ጻፊ፣ ልጄ። በማርያም ይዤሻለሁ፣ እውነቱን።»

በሥራ ዘመኔ ዋሽልኝ፣ አቅልልኝ፣ አክብድልኝ ያለኝ ብዙ ነው። እውነቱን ጻፊ ብሎ የለመነኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ስነሣ ከልጆቻቸው አንዱ ቦርሳዬን ተሸክሞ እስከ መኪናው ሸኘኝ። ጨዋ ነው፤ ድጡ ላይ እንዳልንሸራተት ክንዴን ይዞ ያሻግረኛል። መንገዱን ሙሉ ስለ ገብሱና ስለ ዝናቡ አጫወተኝ። ሰው እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ደባርቅ ተመልሼ አስተያየቴን ጻፍኩ። በድርጊቱ ሰዓት ታሞ ነበር፣ የሚያደርገውን አያውቅም አልኩ። ማስረጃ ያደረግኩት የራሴን ምርመራ ብቻ ነው፤ ወንድምየው ያን ጠዋት የሰማውን አላስገባሁም። የተጠየቅኩት ስለ ታማሚው አእምሮ እንጂ ስለ አሳሪው ልብ አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ችሎቱ በዝግ እንዲሆንም ጠየቅኩ። ዳኛው የሟች ቤተሰብ የመስማት መብት አለው አሉኝ፤ ልክ ናቸው።

በቀጠሮው ቀን ተከሳሹን ሁለት ፖሊሶች በብብቱ ይዘው አስገቡት። እግሩ መሬት አይረግጥም ማለት ይቻላል። ጋቢ ለብሶ ጋቢው ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ከአዳራሹ በአንዱ ወገን ወንድሙ፣ በሌላው የሟች እናት ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠዋል።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። ጎበዝ ነው፤ ሌላ ጊዜ አደንቀዋለሁ። «ባለሙያዋ ተከሳሹን ያዩት ከድርጊቱ በኋላ፣ ታስሮ ነው። የታመመው እስር ቤት ገብቶስ ቢሆን? በዕለቱ አብሮት የነበረው ወንድሙ ግን ድኗል ብሏል። በዚያን ቀን ታሞ እንደነበር የሚያውቅ አንድ ሰው ካለ ይነገረን።»

ዳኛው ወደኔ ዞሩ። «የሚያውቅ ሰው ያውቃሉ?»

ቃለ መሐላ ፈጽሜያለሁ። አውቃለሁ ካልኩ ማን ይሉኛል። አላውቅም ካልኩ ያ ልጅ ወደ ወህኒ ተመልሶ እንጀራውን እንደፈራ ይሞታል። ወንድምየውን ላለማየት እየታገልኩ አየሁት። እሱ እኔን አያይም፤ ታናሹን ነው የሚያየው። ታናሹ አግዳሚው ላይ አንገቱን አዘንብሎ ያን የማይታይ ሰው ያዳምጣል።

ታላቅየው ብድግ አለ። «ጌታዬ፣ የማውቀው እኔ ነኝ። ድኗል ብዬ የፈታሁት እኔ ነኝ። አልዳነም ነበር።»

ዳኛው እንዲቀመጥ አዘዙት፤ ኋላም በምስክርነት ጠርተው አስማሉትና ያንኑ ደገመው፤ ግድግዳውንም፣ ገላ ማጠቡንም፣ ሁሉንም። ሲጨርስ የሟች እናት ከተቀመጡበት ሆነው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «እግዜር ይስጥህ» አሉት።

ፍርድ ቤቱ ኃላፊነት የለበትም አለ፤ ልጁ ጎንደር ወዳለ ሆስፒታል ተላከ። ግቢው በር ላይ ወንድምየውን ጋቢውን ጎትቼ አቆምኩት። «ይጥፉ» አልኩት። «መተማ ይውረዱ፣ አዲስ አበባ ይሂዱ፣ ዛሬውኑ!»

«እኔ ብሄድ ልጄን ያገኙታል» አለኝ። ይህን የተናገረው እኔን እንደማጽናናት እያደረገው ነው።

ሽማግሌዎቹ ዝም አላሉም። ታላቅየው ድንጋዩን በጫንቃው ተሸክሞ፣ ቄሱ መስቀል ይዘው፣ ከእናትየው ደጅ ወደቀ። እናትየው ተነሥተው ገብተው በሩን ዘጉት አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው የሚመጣው ይምጣ ብሎ መውጣት ጀመረ፤ ማሳውን ዘግይቶም ቢሆን አርሶ ገብስ ዘራ፤ በየወሩ ጎንደር ወርዶ ወንድሙን ይጠይቅ ነበር። እኔም የሟች ወገኖች ረስተውት ይሆናል ማለት ጀመርኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለውን አባባል እንደ አሮጊት ወሬ ነበር የምቆጥረው።

በኅዳር፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከዳባት ወደ ደባርቅ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ነጋዴዎች ስለ ገበያ እያወሩ፣ አንደኛው በዚያው ድምፅ፣ «ያ እብዱን የፈታው ሰውዬ አለቀለት አሉ። ገብሱን ሲያጭድ» አለ። አለቀስኩ። አጠገቤ ያለችው ሴት ያጥወለወለኝ መስሏት ሎሚ ሰጠችኝ። ኋላ እንደሰማሁት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዙሪያው አጫጅ በሞላበት ማሳ፣ ማን እንደተኮሰ ያየ ሰው አልተገኘም። የእናትየው ልጆች ለጥቂት ጊዜ ወደ ቆላ ወርደው ነበር፤ ማስረጃ ስለጠፋ ተመልሰው እርሻቸው ላይ ናቸው።

በነሐሴ ፍርድ ቤቱ እንደገና ጠየቀን። ታማሚው ተሽሎታል ወይ? ከተሻለው የሚያቆየው ምክንያት የለም። ጎንደር ሄድኩ። ለልጁ መርዶውን የነገረው ሰው አልነበረም። መርዶ የሚነግር ዘመድ ነው፤ ዘመዶቹ ፈሩ፤ ሆስፒታሉም ሕመሙ ያገረሽበታል ብሎ ተወው።

ተነሥቶ እጅ ነሣኝ። ፊቱ ሞልቷል፤ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ቀኑንም ወሩንም ያውቃል። እንጀራ ይበላል። የጎረቤቱን ነገር ሲያነሣ አለቀሰ፣ ወንድሜ ማለት ነበር አለ። ድምፁን ይሰማ እንደሆነ ስጠይቀው፣ ማንንም ሳይጠብቅ «ጠፍቷል፣ ጭጭ ብሏል» አለኝ። መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣል፤ ከወጣም በኋላ እንደማያቋርጥ ነገረኝ። ስለ ታላቅ ወንድሙ ግን ምንም አልጠየቀኝም።

«ወንድምህ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ይተዉት፣ ዶክተር» አለኝ። «በየወሩ ይመጣ ነበር። ከኅዳር ወዲህ ቀረ። ሲስተሮቹን ስጠይቃቸው ሥራ በዝቶበት ነው ይሉኛል። አሁን በሽተኛ አይደለሁም እኮ። አገሬን አውቃለሁ።»

ለጎረቤቱ ያለቀሰው ልጅ ለወንድሙ እንባ አላወጣም። በኛ በኩል ወንድ ልጅ ሳያለቅስ የሚቀመጥበት ሐዘን ምን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ሁለት እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፤ አንዴም አልተንቀሳቀሱም።

«ስትወጣ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።

«የወንድሜን ልጆች አሳድጋለሁ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ?» አለና እንደ ጨዋ ፈገግ አለ።

የያዝኩትን ጥያቄ ሁሉ ጨረስኩ። የሚያደርገውን ያውቃል ወይ? ያውቃል። ነገን አስቦ ዛሬ መታገሥ ይችላል ወይ? እጅግ ይችላል። ስሜቱን ይገዛል ወይ? እንደሱ የሚገዛ ሰው አላየሁም። የሚያስበውን አልነገረኝም፤ አለመናገር ደግሞ በሽታ አይደለም። ታሟል ብል ውሸታም ነኝ፣ ጤነኛ ሰው አስራለሁ። ድኗል ብል ግን ማንን እንደማስገድል ስማቸውን፣ ቤታቸውን፣ ክንዴን የያዘበትን የአንደኛውን እጅ ሳይቀር አውቀዋለሁ። የፈራሁት እሱን አልነበረም፤ እውነቱን ነው የፈራሁት።

እስከ ደጁ ሸኘኝ። ዝናቡ እስኪያባራ ከጣሪያው ሥር ቆምን።

«ዶክተር፣ ለአጨዳ እደርስ ይሆን?» አለኝ።

የወንድሙ ማሳ ዘንድሮ ዘር አልወረደበትም፤ የሚታጨድ የለውም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።